ሁለት ጊዜ የሚወጣ እጅ

መንግሥት አንድ ይመስለኝ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠውም፣ መንገድ የሚቆፍረውም፣ ማታ ማታ በቴሌቪዥን የሚታየውም ያው አንድ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ይሁን ወይም ሌላውም ሰው እንደዚያው ያስብ እንደሆነ አላውቅም። በከተማው አስተዳደር ሥር ባለ አንድ ቢሮ ተቀጥሬ በሕግ ክፍሉ ወለል መጥረግና ሻይ ማፍላት ስጀምር ግን ይህ እምነቴ ተበላሸ። በምትኩ ሌላ ያዝኩ ማለቴ አይደለም። ተበላሸና እንዲሁ ቀረ።

ቢሮው ሲኤምሲ መንገድ ዳር፣ በኪራይ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የክፍሉ ሥራ ትልቁ ፓርላማ ከሚያወጣቸው ሕጎች መካከል ከተማውን የሚነኩትን ከሩቅ ማየት ነበር። ገና ሲረቀቁ፣ ሳይደርሱ። ይህን ያስረዳኝ አንድ ረዥም ወጣት የሕግ ባለሙያ ነው። ብዙ ያወራል፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያናግረኝ ወለሉን ነው የማየው።

«እኛ ከተማ ነን፤ እነሱ ፌዴራል ናቸው» አለኝ። «እነሱ ሕግ ሲያወጡ ሥራው እኛ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከመውደቁ በፊት እናየዋለን።»

«እነሱ የት ናቸው?»

«እዚሁ አዲስ አበባ።»

«ሩቅ ነው?»

«ሁለት ታክሲ።»

ሁለት ታክሲ ከሆነ ሄደው ለምን አይጠይቋቸውም ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ እንደዚያ አስቤያለሁ። የክፍሉ ሰዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ተቀምጠው የዚያን ቤት ወሬ የሚሰሙት እንደ ሩቅ አገር ወሬ ነበር፤ ከቴሌግራም፣ ከቴሌቪዥን፣ እዚያ ከሚሠራ የሚያውቁት ሰው። አንዳንዱ ረቂቅ በደብዳቤ አስተያየት ተጠይቆበት ይመጣል። አንዳንዱ ግን በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ገጹ ተንጋዶ፣ ጥጉ ላይ የሰው አውራ ጣት እየታየ ይደርሳል። እሱን ከማተሚያው አንሥቼ የማመጣላቸው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ «ከተማ» የሚል ቃል ይፈልጋል። ሲያገኙ ያሰምሩበታል።

በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ አለ። አራት ቦታ ተከፍሏል፦ የተሰማ፣ የተመራ፣ የጸደቀ፣ የታተመ። እያንዳንዱ ረቂቅ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ ይጻፋል። የገባሁ ቀን ኃላፊዋ «ሁሉንም ጥረጊ፤ እሱን ግን እንዳትነኪ» አሉኝ። ኃላፊዋ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ተቀምጠው አይሰሙም፤ ወሳኝ ነገር ሲመጣ በሩ ላይ ቆመው ነው የሚሰሙት። ሰሌዳውን እስካሁን አልነካሁትም። ማንበብ ግን አነበብኩት፤ የተጻፈውን አንብቤ ምን ማለት እንደሆነ አለማወቅ እዚያ የተለመደ ኑሮዬ ነበር።

ቤታችን ለሚ ኩራ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ነው። እዚያ የገባነው ሜዳ በነበረ ጊዜ ነው። አሁን ሕንፃ ከቦናል፤ ከጓሯችን ቀና ስል የሰው ልብስ የተሰጣበት በረንዳ ነው የማየው። እናቴ አንዲት የፈረንጅ ላም ነበረቻት። ወተቱን ከነዚያው በረንዳዎች የሚወርዱ ሰዎች ጠዋትና ማታ እየመጡ ይወስዳሉ። የምንኖረው በሱ ነው፤ የኔ ደሞዝ ለአስቤዛም አይበቃም። ያን ጊዜ ላሟ ነጥፋ ነበር። ከብዳለች፤ ወሯ እየገባ ነው። እናቴ ፉርሽካና ድርቆሽ በብድር እየለመነች አስቀድማ አከማችታለች፤ ላሟ ስትወልድ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ብላ።

አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ ወጣቱ ጮክ ብሎ እያነበበ ነበር። «በከተማ ክልል፣ በመኖሪያ መንደር ውስጥ፣ የቀንድ ከብት ማርባት የተከለከለ ነው።» አንብቦ ቀና አለና፣ «እንደዚህ ከመጣ ሥራው በሙሉ እኛ ላይ ነው። ማን ይቆጥራል፣ ማን ያስወጣል?» አለ።

ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። ወጥ ቤት ገብቼ ብርጭቆ ያጠብኩ ይመስለኛል። ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ሕግ ነው ልበል? ወረቀት ነው ልበል? ጥጉ ላይ አውራ ጣት ያለበት ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ፓርላማው በሚሰበሰብበት ቀን የስብሰባ አዳራሹ ቴሌቪዥን ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ዋለ። እኔ ስኒ ሰበሰብኩ እያልኩ ገባ ወጣ አልኩ። የከብቱ ረቂቅ ተነበበ። አንድ ሁለት ሰው ተናገረ። ከዚያ ሰብሳቢው «የምትደግፉ?» ሲሉ አዳራሹ ሙሉ እጅ አወጣ። እንደ ትምህርት ቤት ነው፤ ግን ማንም «እኔ፣ እኔ» አይልም። «በሙሉ ድምፅ» ተባለ።

አለቀ አልኩ በሆዴ።

ዞር ብዬ የኛን ሰዎች አየኋቸው። ወጣቱ ቆሎ ይበላ ነበር። እየበላ ተነሥቶ የረቂቁን ስም ከአንዱ ቦታ አጥፍቶ በሚቀጥለው ጻፈና መልሶ ተቀመጠ። ኃላፊዋ ከበሩ ላይ ሆነው «ጊዜ አለን» ብለው ሄዱ። እጅ ከወጣ በኋላ የምን ጊዜ ነው? ሰውስ ሕግ ወጥቶበት ቆሎ ይበላል?

ማታ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ጎረቤት ሁሉ ዜናውን አይቷል። ከእናቴ ጋር ጓሮ የቆመው ደግሞ የሰፈራችን ደላላ ነበር፤ ቤትም፣ መሬትም፣ ከብትም የሚያሻሽጥ፣ ሳይጠራ የሚመጣ ሰው።

«እማማ፣ አይተዋል አይደል? እጅ አውጥተው ጨርሰዋል። ከእንግዲህ ከተማ ውስጥ ላም ማሰር ማለት ጅብ ማሰር ማለት ነው።»

«ጅብ ወተት አይሰጥም» አለች እናቴ።

«የሷም ነጥፏል።»

«ልትወልድ ነዋ።»

«ለዚህ ነው የምልዎት። ሳትወልድ ይገላገሏት። ሰኞ ሁሉም ላሙን ይዞ ሲወጣ ዋጋ የለም።»

«እሺ፣ እንደዚያ ከሆነ አንተ ምን ልታደርጋት ትገዛታለህ?»

«እኔማ ለነፍሴ ነው።»

«ለነፍስህ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ እዚያ ጋ ነው።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሲሄድ አትምጣ አላለችውም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። እናቴ አንድን ነገር ካልፈለገች ትናገራለች፤ ዝም ካለች ግማሽ መንገድ ሄዳለች ማለት ነው።

ማታ እራት ላይ፣ «አንቺ ከነሱ ጋር አይደል የምትውይው? ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«ምንም አይሉም።»

«ምንም አለማለታቸው ለደግ ነው ለክፉ?»

«እኔ እንጃ።»

«ጠይቂያቸዋ።»

ለሷ ቀላል ነው። እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አንድ ፌርማታ አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ።

በነጋታው የወጣቱን ጠረጴዛ ወለወልኩ። ከዚያ ደግሜ ወለወልኩት።

«እናት፣ ነጣ እኮ» አለኝ።

«ጎረቤታችን...» ብዬ ጀመርኩ። «ጎረቤታችን ላም አላት። ትናንት እጅ ሲያወጡ አይታ ልትሸጥ ነው። ከብዳለች ላሟ።»

«ኦ ማይ ጋድ። ለምን ትሸጣለች?»

«ጸደቀ ብላ ነዋ።»

«አልጸደቀም። ተመራ ነው። ለኮሚቴ።»

«እጅ አውጥተው የለ?»

«እሱ ሌላ እጅ ነው።» ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኝ። ፈርስት ሪዲንግ አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ ስንት ነገር አለ። በተናገረ ቁጥር የያዝኩት ትንሽ ነገር ይጠፋብኛል። ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት፤ ስነቀንቅ የገባኝ ስለሚመስለው እየፈጠነ ሄደ።

ኃላፊዋ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። «ቆይ አንተ» አሉት። ወደኔ ዞረው፣ «ሽማግሌ ሲላክ አይተሻል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«በር ሲያንኳኩ መጀመሪያ ምን ይባላሉ?»

«ግቡ።»

«ግቡ ማለት ልጅቷን ሰጠን ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«የትናንቱ እጅ ግቡ ነው። ተቀመጡ፣ ጉዳያችሁን እንስማ። ከዚያ ቤተ ሰብ ይመክራል፤ ይሄኛው ኮሚቴው ነው። ጎረቤት ይጠየቃል፤ ያ ደግሞ እኛን ይጨምራል። በመጨረሻ ሌላ ቀን እንደገና እጅ ይወጣል። እሱ ነው መስጠት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ከገባኝ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አሳሰበኝ፤ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ከአፌ ወጣ። «ግን ግቡ ከተባሉ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣል።»

ወጣቱ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ። ኃላፊዋም ፈገግ አሉ። «እሱስ እውነት ነው» አሉ። «ለጎረቤትሽ እንዲህ በያት፦ ዛሬ ሕግ የለም፤ ነገ ሊኖር ይችላል። ሽጪ፣ አትሽጪ ግን እኔ አልላትም።»

ይህን መልስ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ በቃሌ እያልኩት ነበር። ለእናቴ ስነግራት ግን የሽማግሌውን ነገር ብቻ ነው ያስታወስኩት።

«ታዲያ ሁለተኛውን እጅ መቼ ነው የሚያወጡት?» አለችኝ።

«አይታወቅም።»

«የላሟ ወር ግን ይታወቃል» አለችና ገለባ ልትሰጣት ወጣች።

ቅዳሜ ደላላው ትንሽ የጭነት መኪና አስከትሎ መጣ። እናቴ በር ላይ ቆመች።

«ልጄ ገና ነው ብላለች» አለችው።

«ልጅዎ ሚኒስትር ሆነች እንዴ?»

«ሕግ የሚያዩ ሰዎች ጋ ሻይ ታፈላለች።»

«በሉ እሺ። ከእንግዲህ ሕጉን ከሻይ ማንቆርቆሪያው ነው የምንሰማው።» ወደኔ ዞረ። «እህቴ፣ ስኳር ላይስ የወጣ ሕግ አለ? ለኮንዶሚኒየምም ካለ ንገሪኝ።»

ሹፌሩ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ ገና ነው አላልኩም፤ የሰማሁትን ነው የነገርኳት። እሷ ግን የኔ ቃል አድርጋ አቆመችው። ነገ ላሟን ሰዎች መጥተው ቢነዷት ጥፋቱ የማን ነው? የሷ? የኃላፊዋ? የኔ ነው መሰለኝ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ልክ መሥራታችንን ወይም መሳሳታችንን ለማወቅ የእናቴን ፊት እያየሁ ዋልኩ፤ እሷ ግን ፉርሽካዋን ስታሰናዳ ዋለች።

ላሟ ወለደች። ሴት ጥጃ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። የወተት ደንበኞቹ ተመለሱ። ከነሱ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ በሰፈሩ ላም ያላቸው ሁሉ እኔን መጠየቅ ጀመሩ። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ስሄድ «አወጡ እንዴ እጃቸውን?» ይሉኛል። ሱቅ ስገባ «ዛሬስ ምን አሉ?» ይሉኛል። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም የሷን በሬ ከሕጉ ውጭ እንዳስደርግላት ማርያምን እያለች ለመነችኝ። «እኔ የምጠርግ ነኝ» እላለሁ። «እሱማ፣ ውስጥ ያለ ያውቃል» ይሉኛል። ውስጥ ያለ እንደማያውቅ እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ቦኖው ጋ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት እየመረጥኩ መሄድ ጀመርኩ።

ቢሮ ውስጥ በዚያው ሰሞን ለኮሚቴው የሚላከውን አስተያየት ይጽፉ ነበር። ኃላፊዋ የሚፈልጉት ክልከላው ወጥቶ በቦታው «ከተማው በሚያወጣው መመሪያ ይወሰናል» የሚል እንዲገባ ነው። ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተከራከሩ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሕዝብ በተጠራበት ስብሰባ ላይ ኃላፊዋ ራሳቸው ሄደው ተናገሩ። እኔ ምን እንደምመኝ አላውቅም ነበር። ከተማው ይወስን ማለት ጥሩ ነው? ከተማው ማለት እኮ እነሱ ናቸው። እነሱ ደግሞ ስለ ላም ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ።

«እኔ ሰፈር አንዱ ላም ያስራል» አለ ወጣቱ አንድ ቀን፤ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። «ከሽታው የተነሣ መስኮት መክፈት ቀረ።»

«ወተትስ ከማን ነው የምትገዛው?» አሉት ኃላፊዋ።

«ከሱው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቆይቼ ግን ስለ ሽታው የተናገረው እውነቱን እንደሆነ፣ የኛም ጓሮ በረንዳዎች ሥር እንደሆነ አሰብኩ።

ክረምቱ አልፎ፣ ፓርላማው ከእረፍት ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ቴሌቪዥኑ እንደገና ተከፈተ። ከኮሚቴ የመጡ ሴት ረጅም ወረቀት አነበቡ። ወጣቱ በዚህኛው ቀን ቆሎ አልያዘም፤ ቆሟል። «የምትደግፉ?» ተባለ። እጆቹ ወጡ። ለዓይን ከመጀመሪያው ምንም ልዩነት የላቸውም፤ ያው አዳራሽ፣ ያው እጅ።

«አስገብተውልናል! ቃል በቃል» አለ ወጣቱና ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ተጨባበጡ። አንዱ ምሳ በኔ ነው አለ። በዚያ ክፍል ሰው እንደዚያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ሕጉ ወጥቶ መደሰታቸው ግራ ገባኝ። ላሟ ተርፋለች ማለት ነው? ወይስ የተረፈችው የነሱ ዓረፍተ ነገር ናት?

ኃላፊዋ ስኒ ስሰበስብ አጠገቤ መጡ። «የጎረቤትሽ ላም ወለደች?»

«ወልዳለች» አልኩ። ከዚያ ጎረቤት እያልኩ መቀጠል ከበደኝ። «ላሟ የእናቴ ናት።»

«አውቃለሁ። ጠዋት ስትመጪ ቀሚስሽ ላይ ፉርሽካ አያለሁ።»

ወለሉን አየሁ።

«ስሚኝ» አሉ። «ነገሩ አሁን ወደኛ መጥቷል። የት መንደር ይፈቀዳል፣ ስንት ከብት፣ በምን ሁኔታ፣ መመሪያ የምንጽፈው እኛ ነን። መመሪያው እስኪወጣ ላሟን ማንም አያስወጣትም። ይህን ለእናትሽ በርግጠኝነት ንገሪያት።»

«መመሪያው ምን ይላል?»

«አላውቅም።»

«እርስዎ አይደሉ የሚጽፉት?»

«ነኝ። ግን አላውቅም።»

ቤት ሄጄ እንዳለ ነገርኳት። በዚህኛው ጊዜ ምንም አልረሳሁም። እናቴ ጥጃዋን ከእናቷ እየለየች ሰማችኝ።

«ቆይ» አለች። «ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ማዶ ሲያዩ የከረሙት፣ ነገሩ ወደራሳቸው እንዲመለስ ነው?»

«አዎ።»

«እና የሚወስኑት ሻይ የምትሰጫቸው ናቸው።»

«አዎ።»

የጥጃዋን ገመድ አሰረች። «ክፉ ሰዎች ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ደግ ናቸው?»

ይህንን ብዙ አሰብኩበት። «መስኮት መክፈት ይወዳሉ» አልኳት።

ባለፈው አርብ የመመሪያው ስብሰባ ተጀመረ። ሻይ ሳዞር በረቱ ከመኖሪያ ቤት ምን ያህል ይራቅ በሚለው ላይ ነበሩ። አንዱ ትልቅ ቁጥር ይላል፤ ሌላው እንደዚያ ከሆነ በአዲስ አበባ አንድም ላም አይቀርም ይላል፤ ወጣቱ ስለ ነፋስ አቅጣጫ ያወራል። ሳይስማሙ ተነሡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወጥቼ ከላሟ ጋጥ እስከ ኮንዶሚኒየሙ አጥር ያለውን ቦታ እያየሁ ቆምኩ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለች እናቴ።

«ርቀት ይላሉ። ከሰው ቤት።»

«ስንት ነው?»

«ገና አልተስማሙም።»

«ያልተስማሙበትን በምን ትለኪዋለሽ?»

 እናቴም ትንሽ ከጎኔ ቆማ አየች፤ ከዚያ መቆፈሪያውን አመጣች። የጋጡን ምሰሶዎች ከአጥሩ ሥር ነቅለን ወደዚህ፣ ወደኛ ቤት ግድግዳ አስጠግተን መትከል ጀመርን። ላሟ ታስራ ታየናለች፤ ጥጃዋ ጉድጓዱን ታሸታለች። የመጨረሻውን ምሰሶ ስናቆም ጋጡ ከመኝታችን መስኮት ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ የኛም ቤት መኖሪያ ቤት አይደል ወይ የሚለው ያን ጊዜ መጣብኝ። ርቀቱ የሚለካው ከሌላ ሰው ቤት ብቻ ነው ወይስ ከባለቤቱም ቤት? ስብሰባው ላይ ይህን ያነሣ ሰው አልሰማሁም። ሰኞ እጠይቃለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ማንን እንደምጠይቅ፣ በምን አፍ እንደምጀምር ግን አላውቅም።

«ቀጥ አድርገሽ ያዥው» አለች እናቴ። ያዝኩት፤ እሷ አፈሩን መለሰች።